ከኦስቲያ ባሕር ዳር እስከ ካርታጎ ሸንጎ፦ ጥርጥርና እርግጠኝነት በጥንቱ የክርስትና ክርክር

ጥርጥር የአዲስ ሐሳብ፣ እርግጠኝነት ደግሞ የአሮጌ ሥርዓት ባልደረባ ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ነው። ነባሩ ያምናል፤ መጪው ይጠይቃል። ክርስትና በሮማ ግዛት ውስጥ ገና ሥልጣን ሳይዝ ከአረማውያን ሊቃውንት ጋር የገጠመውን ክርክር መርምሮ ለሚያነብ ሰው ግን ሚናው ተገላብጦ ይታየዋል። በዚያ ክርክር ውስጥ ጠርጣሪው የአባቶቹን አማልክት የሚጠብቀው ባለርስት፣ ባለማዕረግና ባለመጽሐፍ ሲሆን፣ እርግጠኛው ደግሞ ትናንት የተነሣው፣ መሬትም ቤተ መቅደስም ያልነበረው ወገን ነበር። ይህ መገላበጥ ከምን እንደመጣ፣ እርግጠኛው ወገን በተራው ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ ክርክሩ ምን እንደሆነ መመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የነገሩ ሥር ከክርስትና በፊት ይገኛል። ፕላቶን በአቴና ያቋቋመው ትምህርት ቤት፣ አካዳሚያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛውና በ2ኛው መቶ ዓመት በአርከሲላዎስና በካርኔአዴስ መሪነት ወደ ጥርጥር አዘንብሎ ነበር። የእነዚህ ሊቃውንት ትምህርት ባጭሩ፣ የሰው ልጅ ስሜትና አእምሮ ሊሳሳት ስለሚችል ማንም ይህ በእርግጥ እውነት ነው ለማለት አይችልም፤ ለኑሮው ግን ወደ እውነት የቀረበ የሚመስለውን ይከተል የሚል ነው። ይህን ትምህርት ወደ ላቲን ቋንቋ ያሻገረው ሲሴሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ስለ አማልክት ባሕርይ በጻፈው መጽሐፍ ሦስት ሰዎችን ያከራክራል። ከሦስቱ አንዱ ኮታ በሮማ የካህናት ጉባኤ ውስጥ ሹመት ያለው ሰው ነው። ኮታ አማልክት ስለ መኖራቸው የሚቀርቡትን የፍልስፍና ማስረጃዎች አንድ በአንድ ይንዳል። ወደ መሥዋዕቱ ሥርዓት ሲደርስ ግን አቋሙ ሌላ ነው፤ ከአባቶቹ የተቀበለውን ማስረጃ ሳይጠይቅ ይጠብቃል።

ይህን ተራ ግብዝነት ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። በሮማ የባሪያ አሳዳሪ ኅብረተሰብ ውስጥ ክህነት የመንግሥት ሹመት እንጂ የእምነት ምስክርነት አልነበረም። ካህናቱ ከዚያው ከሹማምንቱ መደብ የሚወጡ፣ ዛሬ በሸንጎ የሚናገሩ፣ ነገ ጦር የሚመሩ ሰዎች ነበሩ። ሲሴሮ ራሱ የወፎችን በረራ እያዩ የአማልክትን ፈቃድ ከሚተረጉሙት ባለሥልጣኖች አንዱ ነበር። ሥርዓቱ የሚጠይቀው መሥዋዕቱ በወጉ መቅረቡን እንጂ ያቀረበው ሰው በልቡ ምን እንዳሰበ አልነበረም፤ በመሆኑም ጥርጥር ገዢውን መደብ አያሰጋውም ነበር። እንዲያውም ይጠቅመው ነበር፤ ምንም በእርግጥ የማይታወቅ ከሆነ ያለውን ለመለወጥም ምክንያት አይገኝምና።

ይህ አስተሳሰብ ክርስቲያኖችን ፊት ለፊት የገጠመበትን ሁኔታ ከሁሉ አሳምሮ የሚያሳየው “ኦክታቪዩስ” የተባለው የላቲን ድርሰት ነው። ደራሲው ሚኑኪዩስ ፊሊክስ በሮማ ከተማ ይሟገት የነበረ ጠበቃ ሲሆን፣ ድርሰቱ በ2ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ3ኛው አጋማሽ መካከል የተጻፈ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ፍርድ ቤቶች ለወይን ለቀማ በተዘጉበት ወራት ነው። ሚኑኪዩስ ከሁለት ጓደኞቹ፣ ክርስቲያን ከሆነው ከኦክታቪዩስና አረማዊ ከሆነው ከኬኪሊዩስ ጋር ወደ ኦስቲያ ወደብ ይወርዳል። በማለዳ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ ኬኪሊዩስ የሴራፒስን ምስል አይቶ፣ እንደ ዘመኑ ሕዝብ ልማድ፣ እጁን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ይስማል። ኦክታቪዩስ ይህን አይቶ ዝም አላለም፤ ወቀሳውን ግን የሰነዘረው ወደ ሚኑኪዩስ ነው፤ ወዳጅህ በጠራራ ፀሐይ በድንጋይ ሲደናቀፍ ዝም ብለህ ታያለህን የሚል ዓይነት ወቀሳ። ሦስቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ልጆች በባሕሩ ዳር ተሰልፈው፣ ማዕበል ያለሰለሰውን ስባሪ በውኃው ፊት ላይ እየወረወሩ ማን ብዙ ጊዜ እንደሚያስዘልል ሲወዳደሩ ይመለከታሉ። ሁለቱ በጨዋታው ይደሰታሉ። ኬኪሊዩስ ግን አይስቅም፤ አይናገርም። የሰማው ቃል ቆርጦታል። በመጨረሻም ክርክር ይጠይቃል፤ ማዕበሉን ለመስበር በተደረደሩት ድንጋዮች ላይ ይቀመጣሉ፤ ሚኑኪዩስ በመካከል ሆኖ ዳኛ ይሆናል። በላ ልበልሃ እየተባለ በመንገድ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ይካሄድ የነበረውን የአገራችንን የጥንት ሙግት የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ትዕይንት ባዳነት አይሰማውም።

ጠቡን የቀሰቀሰው ሴራፒስ ማን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሴራፒስ የሮማውያን አባቶች አምላክ አይደለም። የፕቶሎሜዎስ ነገሥታት በእስክንድርያ ያቆሙት፣ ግብፃዊና ግሪካዊ መልኩን አዋሕዶ በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ወደ ኢጣልያ የገባ አምላክ ነው። የአባቶችን ሃይማኖት ሊከላከል የተነሣው ሰው ክርክሩን የጀመረው ከግብፅ የመጣ እንግዳ ስሞ ነው። ሚኑኪዩስ ይህን ሆን ብሎ ያስገባው ይሁን አይሁን፣ “የአባቶች” የሚባለው ነገር በየዘመኑ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምልክት ማግኘት ይከብዳል።

የኬኪሊዩስ ንግግር ጠንካራ ነው። በሰው ነገር ሁሉ አጠራጣሪ፣ ያልተቆረጠለት፣ ሊሆን ይችላል ከሚባል የማያልፍ ነው ይላል። ፈላስፎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ያልደረሱበትን ነገር ፊደል ያልቆጠረ፣ የእጅ ሥራ እንኳ ያልለመደ ሰው ተነሥቶ በቁርጥ መናገሩ ያስቆጣዋል። መብረቅ ቤተ መቅደሱንና ተራውን ቤት ሳይለይ ይመታል፤ መርከብ ሲሰጥም ደጉና ክፉው አብረው ይሰጥማሉ፤ ወረርሽኝ ሲገባ ምርጫ የለውም፤ ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያስተዳድር አለ ማለት በምን ይታወቃል? ለዚህም የግሪኩን ባለቅኔ የሲሞኒዴስን ታሪክ ይጠቅሳል። የሲራኩሳው ገዢ ሂየሮን ስለ አማልክት ምንነት በጠየቀው ጊዜ ሲሞኒዴስ የአንድ ቀን ጊዜ ለመነ፤ በማግሥቱ ሁለት ቀን ጨመረ፤ ከዚያም ደጋግሞ ጨመረ። ገዢው ተገርሞ ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ ባሰብሁ ቁጥር ነገሩ እየጨለመብኝ ይሄዳል ሲል መለሰ። ከዚህ ሁሉ የኬኪሊዩስ መደምደሚያ ምንድን ነው? እንግዲህ ካላወቅን አባቶቻችን ያስረከቡንን እንያዝ፤ ሮማ ዓለምን የገዛችው የሁሉን ሕዝብ አማልክት ስላከበረች ነው የሚል ነው። ከጥርጥር ወደ መሠዊያው የሚወስደው መንገድ እጅግ አጭር ነው።

ይሁን እንጂ ጠርጣሪው ሰው ስለ ክርስቲያኖች የሚወራውን ሐሜት ሲሰማ ጥርጥሩ ወዴት እንደሚጠፋ ያስገርማል። ሕፃን አርደው ይበላሉ፣ ለአህያ ራስ ይሰግዳሉ፣ በጨለማ ከእኅቶቻቸው ጋር ይረክሳሉ የሚለውን የገበያ ወሬ ኬኪሊዩስ ሳያላምጥ ይውጠዋል። ስለ ሰማይ የሚጠረጥር ስለ ጎረቤቱ አይጠረጥርም። በድርሰቱ ውስጥ ከፍተኛው ድራማ ያለው እዚህ ላይ ይመስላል።

ኦክታቪዩስ መልሱን የሚጀምረው ከዚያው ኬኪሊዩስን ካስቆጣው ነጥብ ነው። ማስተዋል በሀብትና በማዕረግ የሚከፋፈል አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሲወለድ የተሰጠው ነው፤ እንዲያውም ባለጸጎች ከሰማይ ይልቅ ወርቃቸውን ሲመለከቱ ይኖራሉ ይላል። በባሪያ አሳዳሪ ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። ወደ ተሰናዳ ቤት የገባ ሰው የቤቱን ጌታ ባያየውም መኖሩን እንደሚያውቅ፣ የዓለምም ሥርዓት አሰናጂውን ይመሰክራል ሲል ይከራከራል። ይህ ማስረጃ ከኢስጦኢኮች ፍልስፍና፣ በሲሴሮም መጽሐፍ ውስጥ ከኮታ ተቃዋሚ ከባልቡስ አፍ የተወሰደ ነው። የሮማን ታላቅነት በሚመለከተው ክፍል ግን ኦክታቪዩስ ከማንም አይበደርም ለማለት ያስደፍራል፤ ሮማ ያደገችው በመቅደስ አክባሪነት ሳይሆን የተሸነፉትን ሕዝቦች መቅደስ በመዝረፍ ነው፤ የድል በዓሏ ሁሉ የቅሚያ በዓል ነው ይላል። ስለ ሕፃናት ግድያ ለቀረበበት ክስም የተወለዱ ልጆቻቸውን ለአራዊት የሚጥሉት እናንተው ናችሁ ብሎ ክሱን ይመልሳል።

በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የኢየሱስ ስም አይጠራም፤ ከቅዱሳት መጻሕፍትም አይጠቀስም። እርግጠኝነቱ የቆመው ተቃዋሚው በሚቀበለው መሣሪያ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኬኪሊዩስ መሸነፉን ይናገራል፤ እኔም ስሕተቴን ድል ነሥቻለሁና ሁለታችንም አሸንፈናል ይላል፤ የቀሩትን ጥያቄዎች ግን ለነገ ያሳድራል። ለመድረክ ሥራ ዓይን ላለው ሰው ይህ ሽንፈት ቸኩሏል፤ ሮማን የሚያህል ሥርዓት የሚከላከል ሰው በአንድ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን አይሰጥም። ቢሆንም ደራሲው ለተቃዋሚው የመጀመሪያውንና ረጅም ቃል መስጠቱ፣ የተረቱትን ጥያቄዎች ሁሉ ተረቱ ሳይል ለነገ ማቆየቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

በግሪክኛው ዓለም ተመሳሳዩን ክስ በ178 ገደማ ያቀረበው ኬልሱስ ነው። ክርስቲያኖች አትመርምር፣ እመን ብቻ ይላሉ፤ የሚሰብኩትም ሱፍ ሠሪዎች፣ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች ናቸው፤ በጌቶቻቸው ፊት ትንፍሽ የማይሉት እነዚህ ሰዎች ሕፃናትና ሴቶች ለብቻ ሲያገኙ ይለፈልፋሉ ሲል ያፌዝባቸዋል። የእስክንድርያው ተወላጅ ኦሪጄኔስ ከ70 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ248 ገደማ፣ በ8 መጻሕፍት መለሰለት። ከመልሶቹ አንዱ ዛሬም ያመራምራል፦ መርከብ የሚሳፈር፣ ሚስት የሚያገባ፣ ዘር የሚዘራ ሰው ሁሉ ፍጻሜውን ሳያውቅ በተስፋ ይነሣል፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ፍልስፍና ለማጥናት ጊዜ ከሌለው፣ እምነትን በድኻው ላይ ብቻ ነውር ማድረግ ለምን? ኦሪጄኔስ ይህን ለመጻፍ የኬልሱስን መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይጠቅስ ነበርና፣ የጠፋው የኬልሱስ ድርሰት ዛሬ የሚነበበው በተቃዋሚው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ኦሪጄኔስ ራሱ በዴኪዩስ ዘመነ ስደት ታስሮ ተሠቃይቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ።

የ4ኛው መቶ ዓመት ሁሉን ለወጠው። ክርስትና የነገሥታት ሃይማኖት ሲሆን እርግጠኝነት ከክርክር መሣሪያነት ወደ ሕግ ተሸጋገረ። በ325 በኒቅያ ጉባኤ በአርዮስ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ከአንድ የግሪክ ቃል ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ የተወገዘው ሰው ዕጣ ግዞት ነበር። የነገሩ ማዕበል አክሱም ድረስ ደርሷል። በ356 ወይም 357 ዓመት ወደ አርዮሳውያኑ ያዘነበለው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ፣ ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ በአትናቴዎስ የተሾመው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ እምነቱ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠይቋል። ጊዮርጊስ በተሰደደው በአትናቴዎስ መንበር የተተካ ሰው ነው። ደብዳቤው የተረፈው አትናቴዎስ ራሱን ለመከላከል በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ስላካተተው ነው።

ይኸው ቆስጠንጢዮስ በ357 ሮማን ሲጎበኝ ከሸንጎው አዳራሽ አንድ ነገር አስነሣ፤ አውግስጦስ ቄሣር ያቆመውን የድል አምላክ መሠዊያ። መሠዊያው በኋላ ተመለሰ፤ በ382 ደግሞ ግራቲያኖስ ዳግመኛ አስወጣው፤ ከዚህም ጋር ለመቅደስ ደናግል ይከፈል የነበረውን ድጎማ አቋረጠ፤ የመቅደሶቹንም ርስት ወረሰ። በ384 የሮማ ከተማ ገዢ የነበረው ሲማኮስ፣ ገና 13 ዓመት ለሆነው ለዳግማዊ ቫለንቲኒያኖስ ያቀረበው አቤቱታ ከላቲን ንግግሮች ሁሉ ውብ ከሚባሉት ነው። ፍሬ ነገሩ ግን የኬኪሊዩስ ነው፦ የነገሮች ሁሉ ምክንያት ከሰው የተሰወረ ነው፤ ወደዚህን ያህል ታላቅ ምሥጢር በአንድ መንገድ ብቻ አይደረስም፤ ስለዚህ ያረጀውን ተዉልን። ከዜማው በስተኋላ የርስቱና የድጎማው ጥያቄ መኖሩ አይካድም፤ አቤቱታው ራሱ አይሸሽገውም።

የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ በሁለት ደብዳቤ መለሰ። እናንተ በግምት የምትፈልጉትን እኛ ከእግዚአብሔር ቃል አውቀነዋል አለ። ድል የጭፍሮች ክንድ እንጂ የመሠዊያ ስጦታ አይደለም፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እየተሻሻለ ሄዷል፤ በሽምግልናም መማር አያሳፍርም አለ። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኦክታቪዩስ ዳግመኛ ተናገረ ይባል ነበር። አምብሮስዮስ ግን ለልጁ ንጉሥ ሌላም ነገር ጽፎለታል፤ መሠዊያውን ብትመልስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ካህን አታገኝም። በኦስቲያ ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሊነገር አይችልም ነበር። መሠዊያው አልተመለሰም። ከዚህ 170 ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ212፣ የካርታጎው ጠርጡሊያኖስ ለአገረ ገዢው ሲጽፍ ሃይማኖትን ማስገደድ የሃይማኖት ሥራ አይደለም ብሎ ነበር። በ384 ይህን ልመና የሚያሰማው አረማዊው ሲማኮስ ሆኗል።

በዚያው ዓመት ሲማኮስ ለሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር መርጦ ላከ። የተላከው የ30 ዓመት አፍሪቃዊ አውግስጢኖስ ነበር። አውግስጢኖስ 9 ዓመት ያህል የማኒን ሃይማኖት ተከትሏል። የሳበው ተስፋቸው ነበር፤ ያላንዳች ግዳጅ፣ በአመክንዮ ብቻ እውነትን እናሳይሃለን ይሉ ነበርና። ታላቁ መምህራቸው ፋውስጦስ ስለ ከዋክብት ጥያቄው መልስ ባጣ ጊዜ ተስፋው ተሰበረ፤ ወደ አካዳሚያ ጠርጣሮች አዘነበለ። ስለማይታየው ነገር ሰባትና ሦስት ዐሥር መሆኑን እንደሚያውቅ ያህል እርግጠኛ መሆን ይፈልግ እንደነበር በኋላ ጽፏል። ያላያቸውን ከተሞች፣ ያልደረሰበትን ታሪክ፣ ከእገሌና ከእገሊት መወለዱን እንኳ በሰው ቃል አምኖ እንደሚኖር ሲያስተውል ግን ልቡ ተናወጠ። የኦሪጄኔስ ዘሪ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በ386 መከር ወራት ሥራውን ትቶ ከእናቱ፣ ከወዳጆቹና ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ካሲኪያኩም የገጠር ቤት ወጣ። አካዳሚያውያንን በመቃወም የጻፈው ባለ 3 መጽሐፍ ድርሰት የተወለደው እዚያ ነው። ቃላቸውን የሚቀዳ ጸሐፊ ነበራቸው። ተማሪው ሊኬንትዩስ ጠርጣሮቹን ወክሎ ይሟገታል፤ በመሐሉ ግን ልቡ ወደሚገጥመው ግጥም ይሸሻል። አውግስጢኖስ አንድ ተረት ያመጣል። ሁለት መንገደኞች መስቀለኛ መንገድ ላይ ይደርሳሉ። አንዱ በቶሎ የሚያምን፣ ሌላው ያላረጋገጠውን የማይቀበል ነው። ያገኙት እረኛ መንገዱን ሲያመለክታቸው አማኙ አመስግኖ ይሄዳል፤ ጠርጣሪው ቆሞ ይቀራል። ቆይቶ ደህና የለበሰ ፈረሰኛ ይመጣና ሌላውን መንገድ ያሳየዋል፤ ፈረሰኛው አታላይ ነው። ጠርጣሪው እውነት ይምሰል እንጂ እውነት ነው አልልም ብሎ በዚያው ይሄዳል። አማኙ ከከተማው ገብቶ ሲያርፍ፣ ያ አልተሳሳትሁም እያለ በጫካ ውስጥ ይባዝናል። ምንም ባያጸድቅም ከመሳሳት አላመለጠም።

በዚህ ተረት ውስጥ የእረኛውና የፈረሰኛው ልብስ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። ዳሩ ግን ተረቱ የሚሠራው እረኛው እውነተኛ፣ ፈረሰኛው ዋሾ ከሆነ ብቻ ነው፤ እረኛው ቢሳሳት ኖሮ በጫካው የሚባዝነው አማኙ ነበር። አውግስጢኖስ ይህን አላጣውም፤ በመሆኑም ክርክሩን ወደማይናወጥ ነገር አዞረው። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ መሆኑን ሕልም እንኳ አይለውጠውም አለ። ከዓመታት በኋላም የምሳሳት ከሆነ መኖሬ በዚሁ ይታወቃል እስከማለት ደረሰ። ጥርጥር ራሱ ለእርግጠኝነት መሠረት የሆነበት ይህ ሐሳብ ከጥንቱ ዘመን ሥራዎች አንዱ ጫፍ ነው።

ይኸው ሰው በ411 ሰኔ ወር በካርታጎ ከተማ፣ በጋርጊልዩስ መታጠቢያ አዳራሽ ይገኛል። አሁን የሂፖ ጳጳስ ነው። ተቃዋሚዎቹ ፈላስፎች አይደሉም፤ በ303 በተነሣው ስደት መጻሕፍትን አሳልፈው የሰጡ ካህናት የፈጸሙት ሥርዓት አይሠራም የሚሉት የዶናቱስ ወገኖች ናቸው። ከየወገኑ 280 ያህል ጳጳሳት መጥተዋል። የስም ጥሪው ብቻ ሰዓታት ፈጀ፤ ያንዱ መንደር ሁለት ባላንጣ ጳጳሳት እየተያዩ አውቀዋለሁ ይላሉ። የዶናቱስ ወገኖች ከሌሎቹ ጋር አንቀመጥም ብለው ቆመው ተከራከሩ። ጸሐፊዎች ቃል በቃል ይቀዱ ነበር። ዳኛው ማርኬሊኖስ ግን እንደ ሚኑኪዩስ የሁለቱም ወዳጅ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሾመው ባለሥልጣን ነው፤ ጉባኤውን የጠራው ትእዛዝም አስቀድሞ ወዴት እንደሚያደላ ይታወቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሕግ እምቢተኛውን ባለከፍተኛ ማዕረግ በ50 የሮማ ሊብራ ወርቅ ሲቀጣ፣ መሬት የሚያርሰውን ገባር በግርፋት ይመልሰው ነበር።

አውግስጢኖስ በ408 ገደማ ለአንድ የዶናቱስ ወገን ጳጳስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀድሞ በቃል ብቻ እንታገል፣ ማንም አይገደድ የሚል አሳብ እንደነበረው አይሸሽግም። አሳቡን የለወጠው የትውልድ ከተማው የታጋስቴ ምሳሌ ነው፤ በሙሉ የዶናቱስ ወገን የነበረው ከተማ የንጉሡን ሕግ ፈርቶ ተመልሷል። በሰባትና በሦስት ድምር ሲጨነቅ ለነበረው ሰው ይህ ሌላ ዓይነት ማስረጃ ነው። ከመስቀለኛው መንገድ ላይ እረኛው በትር ይዞ ቆሟል፤ ጠርጣሪው ግን ምርጫ የለውም።

የቃል ክርክር ወደ ሕግ ከተለወጠ በኋላ የተሸነፈው ወገን ጽሑፍ የሚተርፈው በአጋጣሚ ብቻ ሆነ። በ448 የፖርፊርዮስ ፀረ ክርስትና መጻሕፍት በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ተቃጠሉ። የኬኪሊዩስን ረጅም ንግግር የያዘው የሚኑኪዩስ ድርሰትም ለዘመናት ከዓይን ተሰውሮ ቆየ። አንድ ገልባጭ ኦክታቪዩስ የሚለውን ርእስ በላቲን ስምንተኛ ከሚለው ቃል ጋር አምታቶት ኖሮ፣ በ9ኛው መቶ ዓመት በተገለበጠው ብራና ላይ የአርኖብዩስ ባለ 7 መጽሐፍ ሥራ 8ኛ ክፍል ሆኖ ተጽፏል። በ1543 ሮማ ላይ ሲታተምም በዚሁ ስም ነው። ከ17 ዓመታት በኋላ፣ በ1560፣ ባልዱዊኑስ የተባለ የሕግ ሊቅ ሦስቱን ጓደኞች ከማያውቁት መጽሐፍ አውጥቶ በሃይደልበርግ ለብቻቸው አሳተማቸው።